በወርቅ የተሣለው መንኰራኵር

ዓለም ተገላባጭ መሆንዋን በቃል የማያውቅ ሰው የለም፤ ነገር ግን ቀን የወጣለት ሰው ሁሉ ይህ ቃል ለጎረቤቱ እንጂ ለእርሱ የተነገረ አይመስለውም። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን አንድ ትንሽ ሥዕል አለ። ሥዕሉም የሚገኘው፣ ጠንቋዮች የሰውን የወደፊት ኑሮ እናነብበታለን በሚሉት፣ ታሮት በተባለው ካርታ ውስጥ ነው፤ ስሙም የዕድል መንኰራኵር ይባላል።

አስቀድሞ የካርታውን ታሪክ ማወቅ ይገባል። ታሮት መጀመሪያ የጥንቆላ ዕቃ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ መሳፍንትና መኳንንት የሚጫወቱበት ካርታ ነበር። በ1781 ዓ.ም. ግን ኩር ደ ዤብለን የሚባል አንድ የፈረንሳይ ጸሐፊ፣ ይህ ካርታ የጥንት ግብጻውያን የጥበብ መጽሐፍ ነው ብሎ ጻፈ። በዚያን ጊዜ የጥንቱን የግብጽ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ምስጢሩ የተፈታው በ1822 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተነበበም በኋላ ለዚህ አባባል ማስረጃ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ወሬው ከእውነት ይልቅ ስለ ጣፈጠ፣ መጫወቻው የጠንቋይ መተዳደሪያ ሆኖ ቀረ።

ከጥንታውያኑ ካርታዎች ሁሉ ዕውቅ የሆኑት በሚላኖ ከተማ ለቪስኮንቲና ለስፎርዛ መሳፍንት ቤት በወርቅ ተለብጠው የተሣሉት ናቸው። ዛሬ ከፊሎቹ በኒው ዮርክ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት፣ ከፊሎቹም በኢጣልያ በቤርጋሞ ከተማ ይገኛሉ። በመንኰራኵሩ ካርታ ላይ ዕድል ዐይንዋን በጨርቅ የታሰረች ባለክንፍ ሴት ሆና በመካከል ተቀምጣለች። በዙሪያዋ አራት ሰዎች አሉ። አንዱ ይወጣል፤ ቃሉም «እነግሣለሁ» ነው። ሁለተኛው ከላይ ተቀምጦ «ነግሻለሁ» ይላል። ሦስተኛው ቍልቍል እየወረደ «ነግሼ ነበር» ይላል። አራተኛው ሽማግሌ ከሥር በእጁና በጕልበቱ ተንበርክኮ «መንግሥት የለኝም» ይላል። ሠዓሊው ለሚወጣውና ከላይ ለተቀመጠው የአህያ ጆሮ፣ ለሚወርደውም ጅራት ሠርቶላቸዋል። መልኩ ያልተለወጠ፣ ፍጹም ሰው ሆኖ የቀረው ከታች ያለው ሽማግሌ ብቻ ነው።

ምሳሌው ከካርታው በጣም ይቀድማል። ቦኤቲየስ የተባለው ሮማዊ ሊቅ በ522 ዓ.ም. ሁለቱ ልጆቹ በአንድነት የቆንስልነት ማዕርግ ሲቀበሉ አየ። ጥቂት ዓመት ሳይቈይ ግን በንጉሡ በቴዎዶሪክ ላይ አሢረሃል ተብሎ ታሰረ፤ ተገደለም። በእስር ቤት ሳለ በጻፈው መጽሐፍ፣ ወዶ ወደ መንኰራኵሩ የወጣ ሰው መውረድ ሲመጣ ተበደልሁ ማለት እንደማይገባው አስረዳ።

የሚላኖ መሳፍንት ይህን ትምህርት በእጃቸው ይዘው ይጫወቱ ነበር። የቅጥር ወታደሮች አዛዥ ልጅ የነበረው ፍራንቼስኮ ስፎርዛ በ1450 ዓ.ም. የሚላኖ መስፍን ሆነ። ልጁ ጋሌያሶ ማርያ ግን በ1476 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በገዛ ሰዎቹ ተገደለ። ሌላው ልጁ ሉዶቪኮ የወንድሙን ሕፃን ልጅ ገፍቶ ሥልጣኑን ያዘ፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን በቤቱ አኑሮ የመጨረሻውን እራት ያሣለ እርሱ ነው። በ1494 ዓ.ም. ጠላቶቹን ለማስፈራራት ብሎ የፈረንሳይን ንጉሥ ወደ ኢጣልያ እንዲመጣ አደፋፈረ። አምስት ዓመት ቈይቶ ሌላ የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዶቪኮን የራሱን ከተማ ወሰደ። ሉዶቪኮም በ1500 ዓ.ም. ተማርኮ፣ በ1508 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሎሽ ግንብ ታስሮ ሳለ ሞተ። ታዲያ መንኰራኵሩን ያዞረው ዐይንዋ የታሰረው ሴት ብቻ ናትን? የገዛ እጁም አለበት እንጂ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በእኛም አገር ኮከብ ቈጣሪና ሲኒ ገልባጭ አይጠፋም። ወደ እነርሱ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ነገ ምን አገኛለሁ?» ብሎ ነው። ጥንታዊው ካርታ ግን ስለ ነገ የሚናገረው ምንም የለውም፤ የሚጠይቀው ስለ ዛሬ ነው። አሁን በየትኛው ስፍራ ነህ? ከላይ ከሆንህ፣ ከሥርህ ተንበርክኮ ያለው ማን ነው? ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ ቅሉ ግን ድንጋይ በሰበረበት ቀን ቅልነቱን መርሳት የለበትም።

ስለዚህ ሹመት ወይም ሀብት ቢመጣልህ፣ ስትወርድ በፊታቸው ልታፍር የምትችልባቸውን ሰዎች ዛሬ በደኅና ያዛቸው። ከታች ብትሆንም፣ ሠዓሊው የሰውን መልክ ሳያጐድል የተወው ለሽማግሌው መሆኑን አስብና ክብርህን ጠብቅ። የነገውን ቀን ማንም ካርታ አይነግርህም፤ የዛሬው ሥራህ ግን በእጅህ ነው።