ማን ምን ይለብስ ነበር?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልብስ ነው። ልብስ ስል የብርድ መከላከያውን ማለቴ አይደለም። ሰው ሰውን ከሩቅ አይቶ «ይኼ ጌታ ነው፣ ያ ሎሌ ነው» ይልበት የነበረውን ምልክት ማለቴ ነው።

ዱሮ አብዛኛው ሰው ፊደል አያውቅም ነበር። ልብስን ግን ሁሉም ያነብ ነበር። ሸማን እንውሰድ። ሸማ ከጥጥ ተፈትሎ ይሸመናል፤ ነጭ ነው። ልዩነቱ ያለው ጥለቱና አለባበሱ ላይ ነው። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ሸማ ጃኖ ይባላል። ጃኖ የመኳንንት ልብስ ነበር። ንጉሥ ደስ ያሰኘውን ሰው የሐር ቀሚስ፣ ካባ ወይም ለምድ ይሸልመው ነበር። ለምድ በትከሻ ላይ የሚደረብ የጀግና ልብስ ነው፤ ከአንበሳ ወይም ከነብር ቆዳ የሚሠራም ነበር። ያን የለበሰ ሰው በገበያ ሲያልፍ ስሙን መናገር አያስፈልገውም፤ መንገድ ይለቀቅለታል።

አለባበሱስ? ጌታ ሸማውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይቀመጣል። ድኻው ፊቱ ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ይታጠቃል። ይህ ማደግደግ ይባላል። እስቲ አስቡት፤ አንዱ አፉን ሸፍኖ ይሰማል፣ ሌላው ደረቱን ገልጦ ይለምናል። ሁለቱም የለበሱት ግን ያው የጥጥ ሸማ ነው።

ወደ እኛው ወደ አሶሳ እንምጣ። በስተምዕራብ ጎረቤታችን ሱዳን ነው። ነጋዴውም የሃይማኖት መምህሩም ከዚያ እየመጣ ረጅሙን ነጭ ጀለቢያና ጥምጥሙን አስለመደ። ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀልሉት ቶብም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ጨርቅ በዚያ ዘመን ውድ ዕቃ ነበር። ከወንዝ አሸዋ እየታጠበ በሚወጣው ወርቅ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ረጅም ጀለቢያ የለበሰ ሰው የወርቅም የሰውም ጌታ ሊሆን ይችላል።

የሰውም ጌታ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ዘምተው አካባቢውን በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር አደረጉት። ከዚያ በኋላ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ለቤተ መንግሥት ወርቅ ይገብሩ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ሰፈር እስከ ዛሬ አለ። ከዚህ አገር የሄደው ግን ወርቅ ብቻ አልነበረም። ብዙ ሰው እየተያዘ፣ እየተሸጠ፣ ወደ ሱዳንም ወደ መሀል አገርም ተወስዷል። ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ። ፈጽሞ የሻረው ግን የ1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። አስተማሪ ነኝና ይህን ለልጆች ሳስተምር ድምፄ ዝቅ ይላል። ከክፍሉ መካከል የማን አያት ሻጭ፣ የማን አያት ተሸጭ እንደነበረ አላውቅም።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የነበረ እንዳይመስላችሁ። ከ2000 ዓመት በፊት ሮማውያንም እንደዚሁ ነበሩ። ቶጋ የሚባል ሰፊ የሱፍ ልብስ ነበራቸው። እንደ ሸማ በትከሻ ላይ ይጣጣፋል። ቶጋ የዜጋ ልብስ ነበር፤ ባሪያ አይለብሰውም። የሸንጎው አባል ከውስጥ በሚለብሰው እጀ ጠባብ ላይ ሰፊ ወይን ጠጅ ጥለት ነበረው። ከእሱ በታች ያለው ባለ ማዕረግ ጥለቱ ጠባብ ነበር። ጃኖን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አንድ ጊዜ በሮማ ሸንጎ «ባሪያ ሁሉ ከጨዋው የሚለይበት ልብስ ይልበስ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሴኔካ የተባለው ጸሐፊ እንደሚነግረን ሐሳቡ ወደቀ። ለምን ወደቀ? ባሪያዎቹ አንድ ዓይነት ልብስ ቢለብሱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ተቆጥረውም ብዛታቸውን ያውቃሉ። ጌቶቹ የፈሩት ይህን ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። ያን ሁሉ የክብር ልብስ የሚሠራው ማነው? ሸማኔ ነው። ታዲያ ሸማኔው ራሱ ይናቅ ነበር። ጃኖውን የለበሰው ይከበራል፣ ጃኖውን የሸመነው ይሰደባል። ቀጥቃጩም፣ ፋቂውም፣ ሸክላ ሠሪዋም እንደዚሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ቶሎ አልሞተም። እኔ ራሴ ባስተማርኩበት ክፍል አንድ ተማሪ ጓደኛውን «የሸማኔ ልጅ» ብሎ አስለቅሶታል። የተሳዳቢው ሸሚዝ የፋብሪካ ነበር፤ እሱንም የሸመነው ሰው መሆኑ ትዝ አላለውም።

በ1970ዎቹ ከወሎ ብዙ ቤተሰብ አሶሳ መጥቶ ሲሰፍር ጋቢውንና ነጠላውን ይዞ መጣ። ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ብትወጡ ጀለቢያና ጋቢ ጎን ለጎን ቆመው በበርበሬ ዋጋ ይከራከራሉ። ቶብ የለበሰችው ነጠላ ለለበሰችው ሒሳብ ስትመልስ ታያላችሁ። ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ እንደሆነ ከልብሳቸው ማወቅ አይቻልም።

የዛሬ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። በቤታችሁ ወይም በመንደራችሁ ያሉ አንዲት አሮጊት «እማማ፣ በልጅነትዎ ምን ይለብሱ ነበር? ጨርቁን ማን ገዛልዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። አምስት መስመር ይበቃል።