ጨርቅ የተጠመጠመባቸው እግሮች

የሶሐቦችን ዘመቻ ስታነቡ ሰይፋቸውን ብቻ ሳይሆን እግራቸውንም ተመልከቱ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) እንደተረኩት፣ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በወጡበት ዘመቻ ስድስት ሰዎች አንዲት ግመል በየተራ ይጋልቡ ነበር። ከጉዞው ብዛት እግራቸው ቆሰለ፤ የአቡ ሙሳም ጥፍሮች ወለቁ። ጨርቅ እየጠመጠሙ ተጓዙ። ዘመቻው «ዛቱ-ሪቃዕ»፣ ባለ ጨርቆቹ፣ የተባለውም በዚሁ ነው ይላሉ። ኢብን ኢስሐቅ ጊዜውን 4ኛው ዓመተ ሂጅራ ያደርጉታል፤ ኢማም ቡኻሪ ግን አቡ ሙሳ የመጡት በ7ኛው ዓመት ከኸይበር ጋር በመሆኑ ከዚያ በኋላ ነው ይላሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጽናት ጥንቃቄን አልሻረም። መንገደኛ በኹፉ ላይ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ እንዲያብስ ተፈቅዶለታል። ሌሊት ሲያርፍም ከመንገድ ገለል እንዲል ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል፤ መንገድ በሌሊት የአውሬና የተናዳፊ ፍጥረታት መመላለሻ ነውና። ከመኝታ በፊት ፍራሽን ማራገፍንም አስተምረዋል።

እናንተም በረሃ ስታቋርጡ ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ፤ የቆሰለ እግር ሳታጥቡና ሳትሸፍኑ አትቀጥሉ። እባብ የነደፈው ሰው ቁስሉ አይበጣ፣ አይመጠጥ፤ የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ዱዓው አይቅር፤ ሰበብ ማድረስም ከተወኩል ነው።

አቡ ሙሳ ይህን ከተረኩ በኋላ ሥራቸውን በመግለጣቸው ከፍቷቸዋል። እኛስ ስንት እርምጃ ሄደን ስንት ጊዜ አወራን?