ጥቅምት 30ን የማያውቅ ፋይል፦ ስለ ማዋቀሪያ ቅርጸት ምርጫ

ሊኑክስና ሌሎች የዩኒክስ ወገን ሲስተሞች ማዋቀሪያቸውን ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው በግልጽ ጽሑፍ ያስቀምጣሉ። የጽሑፍ ፋይል በማንኛውም ኤዲተር ይከፈታል፤ ሲስተሙ አልነሳ ሲልም ይጠገናል። በዚህ ብዙ ክርክር የለም። የሚያከራክረው የቅርጸቱ ዓይነት ነው፦ ያምል (YAML)፣ ቶምል (TOML) ወይስ ጄሰን (JSON)፤ የቅርጸቶቹ ማነጻጸሪያዎች ደግሞ የጎርጎርዮስን ካሌንደር እንደ ተፈጥሮ ሕግ ወስደው ይነሳሉ።

ሆለታ ላይ አንድ ቢሮ ሰርቨር ቢተክል፣ ፋይሉ ውስጥ የኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት፣ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ስሞች መግባታቸው አይቀርም። ያምል 1.1 ያለ ጥቅስ የተጻፈን 3:30 በስልሳ ቤት ቆጥሮ 210 ያደርገዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.2 ይህን ቢያስቀርም፣ በቀድሞው ሕግ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ዛሬም አሉ። ቶምል ቀንን ራሱን የቻለ የዳታ ዓይነት አድርጎ ይቀበላል። ነገር ግን 2016-02-30 ብንጽፍለት እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ፋይሉን ይመልሳል፤ ጥቅምት ግን 30 ቀን አለው። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናትና ጭራሽ አትታሰብም። ይበልጥ የሚያሳስበው ሳያንገራግር የሚቀበለው ነው፦ ጥር 12 ቀን 2016ን በ2016-05-12 ብንጽፍ፣ ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ የፈረንጆቹ ግንቦት ይሆናል። በቃል መሃል የሚገባው የአፋን ኦሮሞ ሁዻም (የ ' ምልክት) በነጠላ ጥቅስ የታጠረን ስም መሃል ላይ ይዘጋዋል።

ጄሰን ጽሑፍን ሁሉ በድርብ ጥቅስ እንድናጥር ስለሚያስገድድ ከዚህ ጣጣ በከፊል ያድናል፤ የማስታወሻ ቦታ ግን የለውም። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች የሚጠቀሙበት የታይም ዞን ዳታቤዝ ዛሬ የአዲስ አበባን ሰዓት ከናይሮቢ ጋር አያይዞታል። በማስታወሻ መስመሮቹ ግን ኢትዮጵያውያን ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምሮ መሆኑ ሰፍሯል፤ የኢትዮጵያ ሰዓት በሜይ 5 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ተቀየረ የሚለው የድሮ መረጃ ስህተት ሳይሆን እንደማይቀርም አዘጋጁ ጽፏል። ዕለቱ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ማሽኑ ማስታወሻውን ዘልሎ ያልፈዋል፤ ፋይሉን የሚያስተካክለው ሰው ግን ያለዚያ ጥርጣሬ ቁጥሩን እንደ እውነት ይወስደው ነበር።

ስለዚህ ምርጫዬ ማስታወሻ የሚቀበለው ቶምል ነው፤ ቀኑም ሰዓቱም በድርብ ጥቅስ፣ የየትኛው ካሌንደር እንደሆነ ከጎኑ በማስታወሻ ተጽፎ። የቁልፍ ስሞቹ በላቲን ፊደል ቢቀሩ ይሻላል፤ ቶምል 1.0 የአማርኛ ቁልፍን ያለ ጥቅስ አይቀበልምና።