አርዌን ማን ገደለው?

ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ፣ ልጃገረዷ ብሩታዊትም ከዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት የሚያሳየው ሥዕል ለጋይንቷ አርብ ገበያ ምእመን አዲስ አይደለም። የራሳችን ዘንዶ ግን አርዌ ነው። የነገሥታት ዝርዝሮች 400 ዓመት ገዛ ይሉታል፤ ሕዝቡም ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር። ተራኪዎች የሚለያዩት ገዳዩ ላይ ነው።

በአንደኛው ትረካ ገዳዩ አንጋቦ ነው። «ብገድለው ታነግሡኛላችሁ?» ብሎ ሕዝቡን ቃል አስገባ፤ መርዝ የበላች ፍየል ለአርዌ አቀረበለትና ገደለው። ነገሠ፤ ልጁ ማክዳም ዙፋኑን ወረሰች።

ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመው የትግረ ቋንቋ ትረካ ግን ሌላ ነው። ለዘንዶው የተሰጠችው እቴዬ አዜብ፣ የዚህ ትረካ ማክዳ፣ ከዛፍ ላይ ታስራ ስታለቅስ፣ እንባዋ ከሥር ባረፉት ቅዱሳን ላይ ይንጠባጠባል። እነሱም ዘንዶውን በመስቀል ይገድሉታል። ደሙ ተረከዟ ላይ ይፈነጠቅና እግሯ የአህያ እግር ይሆናል። መንደርተኛው ከዘንዶው ያመለጠች መስሎት ያባርራታል። በማግሥቱ የዘንዶውን ሬሳ ስታሳያቸው አለቃቸው ያደርጓታል። ወደ ንጉሥ ሰሎሞን የምትሄደውም እግሯን ለመፈወስ ነው።

ክርስቲያን ቅዱሳን ከሰሎሞን ዘመን ምን አደረሳቸው? እኔ ይህን እንደ ስሕተት አላየውም። ዛፍ ላይ ያለችው ልጅ ብሩታዊትን በጣም ትመስላለች፤ ተራኪው የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል እያሰበ ያወራ ይመስለኛል።

የግሪኮች ተረቶችም እንዲሁ በየተራኪው ይለያያሉ። ግሪካዊው ገጣሚ ሄሲዮድ ሜዱሳን ከአስፈሪዎቹ ሦስት እኅትማማቾች አንዷ ያደርጋታል። ከእርሱ 700 ዓመት ያህል ቆይቶ የጻፈው ሮማዊው ኦቪድ ግን ቆንጆ ልጅ ነበረች ይላል፤ የባሕር አምላክ በቤተ መቅደስ ስለደፈራት ፀጉሯ ወደ እባብነት ተለወጠ። ለባሕር አውሬ የታሰረችውን አንድሮሜዳን ኦቪድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ሲላት፣ አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍ የሰንሰለቷ ምልክት ኢዮጴ ላይ ይታያል ብሏል።

አገራችን ጋይንትም እንዲህ ያለ ልዩነትን ጠብቆ ማቆየት ያውቅበታል። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም እዚሁ ናት፤ የያሬድ ዜማም ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር፣ ተጉለት እየተባለ በየስሙ ይጠራል። የአርዌ ትረካዎችም እንዲህ በየተራኪያቸውና በየአገራቸው ቢመዘገቡ እመኛለሁ። ሁለቱን አዋሕደን አንድ ካደረግናቸው፣ መንደርተኛው አባርሯት በማግሥቱ የሾማት ልጅ ትጠፋና የአባቷን ዙፋን የወረሰችው ብቻ ትቀራለች።