የተከሰሰ ወታደር ጠበቃ፦ ከአማላጅ እስከ ተከላካይ

በአዲስ አበባ ደቡብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጎፋ ሰፈር፣ እንደ ብዙዎቹ የከተማዋ ነባር ሰፈሮች፣ በመጠሪያው ውስጥ የጦር ዘመን ቃል ይዟል፤ ሰፈር ዛሬ የመኖሪያ አካባቢ ስም ይሁን እንጂ በመነሻው የዘመተ ሠራዊት ድንኳኑን ተክሎ የሚያርፍበት ቦታ ነው፣ አዲስ አበባም መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው በየጉብታው እየሰፈሩ የቆረቆሯት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለው ሰፈር ውስጥ አዝማቹና ዳኛው አንድ ሰው ነበሩ። ጭፍራውን የሚያሰልፈው፣ ቀለቡን የሚሰፍርለትና የሚሾመው አለቃ፣ ሲያጠፋም አስቀርቦ የሚፈርድበት እሱ ነበርና፣ በሌላው ሙግት በላ ልበልሃ እየተባባለ የሚከራከረው ሰው እንኳ በገዛ አለቃው ፊት በተከሰሰ ጊዜ ብዙ የመናገሪያ በር አልነበረውም።

የቀረለት በር ምልጃ ነበር። ጥፋተኛው ወታደር ድንጋይ ተሸክሞ ከአለቃው እግር ሥር ይወድቃል፤ ሽማግሌና ካህን ይልካል፤ የዘመተባቸውን ውጊያዎችና የቆሰለበትን ስፍራ እያነሣ ውለታውን ያስቆጥራል። አማላጅ ግን ጠበቃ አይደለም፤ አማላጁ የሚለምነው ጥፋቱ ከታመነ በኋላ ሲሆን፣ ጠበቃ የሚጀምረው ጥፋቱ ራሱ ተፈጽሟል ወይ ብሎ ከመጠየቅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ፣ በፍርድ አዋቂነታቸው እስከ ዛሬ የሚነሡ ሰው ናቸው፤ ይሁንና በእሳቸው ፊት የቆመ ወታደር ዕጣው በዳኛው ብልሃትና ርኅራኄ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ በተቋም ደረጃ ከጎኑ የሚቆምለት ማንም አልነበረም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሠራዊቱ በዘመናዊ መልክ ሲደራጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የንጉሠ ነገሥት ጦር ሠራዊት አዋጅ ለጦር ፍርድ ቤት፣ ማለትም የሠራዊት አባላት በአገልግሎታቸው ለሚፈጽሙት ወንጀል ለሚዳኙበት ችሎት፣ መሠረት ጣለ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 የወንጀል ተከሳሽ ጠበቃ የማቆም መብት እንዳለውና አቅም ከሌለው ፍርድ ቤቱ እንዲመድብለት ደነገገ፤ ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ የወታደር ወንጀሎችን በአንድ ክፍል አሰባሰበ። ለተከላካይ ጠበቃ ትልቁን መሣሪያ ያቀበለው የዚህ ሕግ አንቀጽ 70 ነበር፤ አንቀጹ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመውን የበታች ሠራተኛ ወይም ወታደር ከኃላፊነት ባያድነውም፣ የዲሲፕሊን ጫና ከባድ በሆነበት ሁኔታ ዳኛው ቅጣቱን ያለ ገደብ እንዲያቀልና አንዳንዴም እስከ ጭራሹ እንዲያስቀር ይፈቅድ ነበር። የታዘዘ ሰው ምን ያህል ያውቅ ነበር፣ እንቢ ለማለትስ ምን ያህል ይችል ነበር የሚለውን ጥያቄ በማስረጃ ሊያቀርብ የሚችለው በሙያው የሠለጠነ ተከራካሪ ነውና፣ ከዚህ ወዲህ የወታደር ጠበቃ አስፈላጊነት አጠያያቂ ሊሆን ባልተገባ ነበር።

ታሪኩ ግን እንደ ሕጉ አልሄደም። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት መሪ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ችሎት ቀርበው ሞት ሲፈረድባቸው ይግባኝ አልጠየቁም፤ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ። ከዚያ የከፋው የመጣው በደርግ ዘመን ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ በዚያው ወር በ14ኛው ቀን 60 ሰዎች፣ ከእነሱም መካከል ከፍተኛ የጦር መኮንኖች፣ ምንም ችሎት ሳይቀርቡ ተገደሉ። ፍርድ ቤቱ በወረቀት ላይ ተወልዶ ሳለ ክሱም መከላከያውም ሳይሰማ የተፈጸመው ይህ ግድያ፣ በኢትዮጵያ ወታደራዊ ፍትሕ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከበደ ጠባሳ ነው። በግንቦት 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ጄኔራሎች በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወታደራዊ ችሎት ተዳኝተው፣ 12ቱ ከአንድ ዓመት በኋላ በሞት ተቀጡ።

የደርግ አባላት ራሳቸው በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. በሲቪል ፍርድ ቤት ሲቀርቡ፣ ጠበቃ ማቆም ላልቻሉት መንግሥት ተከላካይ መደበላቸው፤ ክርክሩም እስከ 1999 ዓ.ም. ዘለቀ። ርዝመቱ በተጎጂዎች ቤተሰቦች ዘንድ ቅሬታ ማሳደሩ እውነት ቢሆንም፣ ተከሳሽ ማንም ይሁን ማን ተከላካይ ይገባዋል የሚለው መርሕ ከባድ ፈተናውን ያለፈው በዚህ ችሎት ነው።

የዛሬው ሥርዓት መነሻ በ1988 ዓ.ም. የወጣው የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 27 ነው። አዋጁ ቀዳሚና ይግባኝ ሰሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ፤ በእሱና በተከታዮቹ አዋጆች ሥርዓት ዳኛው፣ ወታደራዊ ዐቃቤ ሕጉና ተከላካይ ጠበቃው በየሥራቸው ተለይተው ቆሙ። የተከላካዩን ሥራ በቅርብ ለማየት የኩብለላን ክስ መመልከት ይበቃል። ኩብለላ ማለት ከውትድርና አገልግሎት ለማምለጥ አስቦ ክፍሉን ጥሎ መሄድ ወይም ከፈቃድ አለመመለስ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መቅረት ግን ይህ ሐሳብ የሌለበት ቀለል ያለ ጥፋት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚያርፈው በፈቃድ ወረቀቱ ላይ በተመታው ማኅተም ቀን፣ በጤና ጣቢያ የሕክምና ማስረጃ፣ ወታደሩ በተያዘ ጊዜ ወደ ክፍሉ ይመለስ ወይስ ይርቅ እንደነበር በሚመሰክር ሰው ቃል ላይ ነው። ይህን የሚፈልግ፣ ምስክሩን በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈትን ሰው ከሌለ የዓመታት እስራት በአንድ የሪፖርት መስመር ይወሰናል።

ደካማው ጎን ተከላካዩ እንደ ዳኛውና እንደ ዐቃቤ ሕጉ የዚያው ተቋም አባል መሆኑ ነው፤ ማዕረጉ፣ ምደባውና እድገቱ ሁሉ በእዝ ሰንሰለቱ ውስጥ ያልፋል። ይህ የነጻነት ጥያቄ ሕዝብ በሚከታተላቸው ክሶች ክብደቱ ይጨምራል፤ መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ከነትጥቃቸው ወደ ቤተ መንግሥት ከሄዱት ወታደሮች መካከል 66ቱ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ከ5 እስከ 14 ዓመት እስራት መቀጣታቸው ይታወሳል። እንዲህ ያለ ቅጣት የሚጠብቀው ወታደር፣ ከፈለገ ከሠራዊቱ ውጭ ያለ ጠበቃ እንዲያቆም በሩ በተግባር ክፍት ሊሆንለት ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 በመረጡት ጠበቃ የመወከልን መብት የሰጠው ለተከሰሱ ሰዎች ሁሉ ነው፤ ወታደርና ሲቪል ብሎ አልለየም።