የውሸት ሪቬት

እ.ኤ.አ. በ1787 ጆን ዊልኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የብረት ፋብሪካ ባለቤት ከብረት የተሠራች ጀልባ በሰቨርን ወንዝ ላይ አንሳፈፈ። "ብረት ደግሞ እንዴት ይንሳፈፋል?" ያሉ ሁሉ ዐይናቸው እያየ አፈሩ። ላሜራዎቿ የተያያዙት በሪቬት ነበር።

ሪቬት ሲያዩት ቀላል ነገር ነው፤ ባለ ራስ አጭር የብረት ዘንግ። በእሳት ግሎ ፍም ሲመስል በሁለቱ ላሜራዎች ቀዳዳ ይገባል። አንዱ ሠራተኛ ራሱን በከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፤ ሌላው ጫፉን በመዶሻ ቀጥቅጦ ሁለተኛ ራስ ያወጣለታል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ ሲያጥርም ላሜራዎቹን አጥብቆ ያቆራኛል። ውሃውን የሚያግደው ይህ ጥብቀት ነው።

በ1909 በርሚንግሃም ላይ የተሠራችው "ፕሬዝዳንት" የተባለች የእንፋሎት ጀልባ የዚህ ሙያ ልጅ ናት። ርዝመቷ 21 ሜትር ሲሆን ስፋቷ ግን 2 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሰው ሠራሽ የውሃ ቦዮቹ በሮቻቸው ጠባብ ናቸውና። የእንግሊዝ ቦዮች በ1948 በመንግሥት እጅ ገቡ። በባቡርና በመኪና ተገፍቶ የተዳከመውን የጀልባ ጭነት ደግሞ ከ1962 ማብቂያ ጀምሮ ለወራት የዘለቀው ብርድ ቦዮቹን አግግሮ ጨረሰው። ጀልባዎቹ በየዳርቻው ዛጉ። "ፕሬዝዳንት" ዕድለኛ ነበረች፤ በ1970ዎቹ ወዳጆቿ ገዝተው አደሷት፤ ዛሬ የሙዚየም ንብረት ናት።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል፤ ማደስ ማለት ምን ማለት ነው?

አንዱ መንገድ በተበላው ላሜራ ላይ አዲስ ላሜራ መበየድ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው። ነገር ግን ጀልባው ይከብዳል፤ አሮጌው ሥራ ይሸፈናል፤ የብየዳው ሙቀትም አጠገቡ ያሉትን ሪቬቶች ሊያላላ ይችላል። ሌላው መንገድ የሪቬቶቹን ራስ ቆርጦ የተበላውን ላሜራ ማውጣት፣ በእርሱ ልክ አዲስ ማዘጋጀት፣ ከዚያም እንደ ጥንቱ በእሳትና በመዶሻ ማያያዝ ነው። ይህ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ዛሬ በብየዳ ከሚሠሩት አዳዲስ ጀልባዎች ብዙዎቹ ለመልክ ሲባል የውሸት የሪቬት ራስ ይደረግባቸዋል። ያ ሪቬት ምንም አልያዘም፤ ቢነቀልም ጀልባው አይሰምጥም።

ቅርስ መልክ ብቻ ከሆነ ይህም ይበቃ ነበር። ሙያ ግን በፎቶ አይወረስም። የጋለው ብረት ቀለሙ ምን ሲመስል ከእሳት እንደሚወጣ ወጣቱ የሚማረው ከባለሙያው ጎን ቆሞ ነው፤ ለዚያም እውነተኛ ሥራ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬም በሪቬት አዲስ ጀልባ የሚሠሩትን "ቅንጦተኞች" ማለት ስህተት ነው። መዶሻው ዝም ካለ፣ በሙዚየም የቆመችውም ጀልባ አንድ ቀን ሪቬቷ ሲላላ የሚደርስላት አታገኝም።