ገንቦው ውሃ ያቀዘቅዛል እንጂ አያጣራም

ዛሬ ከዘርና ከማዳበሪያ ወጣ ብለን ስለ ሸክላ ታሪክ እናውራ። ጉዳዩ የልጆቻችን ጤና ነውና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በአሪ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ነው። «ማና» ተብለው ጋብቻ እየተከለከሉ ኖረዋል። እኛ ግን በእነሱ ድስት እንበላለን፣ በእነሱ ገንቦ እንጠጣለን።

ገንቦ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ለምንድነው? ጭቃው ሲተኮስ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይቀሩበታል። ውሃው በነሱ በኩል ወደ ውጭ ያልበዋል፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ የምንጠጣው ግን ግድግዳውን ያለፈውን አይደለም። በአፉ የገባውን መልሰን በአፉ ነው የምንቀዳው። ጀርሙም አብሮ ይቀዳል።

ግድግዳውን ያለፈውን ውሃ እንጠጣ ያሉ ሰዎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደኑ ዱልተን ሸክላ ፋብሪካ ማጣሪያ ይሸጥ ነበር። በፈረንጆች 1981 ደግሞ ፈርናንዶ ማዛሪዬጎስ የተባለ የጓቲማላ ሰው ለድሃ የሚሆን ማጣሪያ ሠራ። ጭቃውን ከተነፋ ሰጋቱራ ጋር ያቦካል፤ ሲተኮስ ሰጋቱራው ተቃጥሎ ቀዳዳ ይተዋል። ጀርም እንዲገድል ብር ይቀባዋል። በሰዓት ከ1 እስከ 3 ሊትር ያንጠባጥባል። በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ኒካራጓን ከመታ በኋላ እዚያም በብዛት ተመረተ፤ ከዚያ ወደ ብዙ አገር ተዛመተ።

ሽታስ? ሽታ የሚመጠው ከሰል ነው። በወይራ ማጠን ጠረኑን ያሳምራል እንጂ ውሃውን ከጀርም ነጻ አያደርግም። ሽታው ጠፋ ማለት ውሃው ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ይህ ማጣሪያም ቢሆን በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ያለውን ፍሎራይድ አያወጣም።

እንግዲህ ጭቃው አለን፣ ሰጋቱራው አለን፣ እጁም አለ። የጎደለው የብሩ ቅብና የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ስለዚህ ሳይመረመር ቤት የተሠራውን ማጣሪያ አትመኑ።

እስከዚያው የወንዝ ውሃ አጥልሉ፣ በንጹህ ጨርቅ አጥሉ፣ ከዚያ አፍሉ። ወይም ውሃ አጋር በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ገንቦውን ክደኑት፤ እጅና ጣሳ አይግባበት።

ለጎረቤት ሼር አድርጉ። ለሸክላ ሠሪዋም አንብቡላት፤ ነገ ማጣሪያውን የምትሠራልን እሷ ልትሆን ትችላለች።